ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር ቤት ሲገባ፦ ለቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

በዲሲ ዙሪያ፣ በዳላስ ወይም በሲያትል ካለው ሀበሻ መሀል ልጁ ወይም ባለቤቱ አርሚ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ አይደለም። የአሜሪካ ጦር ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ግሪን ካርድ የሌላቸውን ሰዎች በቋንቋ ችሎታቸው ሲቀጥር፣ አማርኛ ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ፕሮግራሙ ማቭኒ ይባል ነበር። ከዚያ ውጭ ለኮሌጅ ክፍያ፣ ለዜግነት ወይም ለቋሚ ደመወዝ ብሎ በናሽናል ጋርድና በሪዘርቭ (ሲቪል ሥራቸውን እየሠሩ ሲጠሩ በሚዘምቱት የጦሩ ክፍሎች) የገባውም ብዙ ነው። አንዳንዱ ጅቡቲ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ካምፕ ሌሞኒየር ተመድቦ ድሬዳዋ አፍንጫው ሥር ሆና አገሩን ሳይረግጥ ተመልሷል።

ሲሄድ ሽኝትና ጸሎት አለ። ሲመለስ ድግስ አለ። ከድግሱ ማግስት ስላለው ጊዜ ግን ብዙም አይወራም።

ይህ መመሪያ ለሚስት፣ ለባል፣ ለእናትና ለአባት የተጻፈ ነው። ምክሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወረቀቱን አፋጥኑ፣ ሰውየውን አታጣድፉ። በብዙ ቤት የሚሆነው ግልባጩ ነው። ሰውየው በሳምንቱ "ምነው እንደ ድሮህ አልሆንክም?" ይባላል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። (ወንድ እያልኩ የምጽፈው ለአነባበብ እንዲቀል ነው። ሴት ወታደሮቻችን ጥቂት አይደሉም፤ የእነሱ መመለስ የራሱ ጣጣ አለው፣ እመጣበታለሁ።)

ደረጃ 1፦ ገና ሳይመጣ

የመመለሻ ቀን ይቀያየራል። በረራ ይዘገያል። የጋርድና የሪዘርቭ ወታደር ደግሞ በቀጥታ ቤቱ አይመጣም፤ መጀመሪያ እንደ ቴክሳሱ ፎርት ብሊስ ያለ ቤዝ አርፎ ምርመራና ወረቀት ይጨርሳል። ስለዚህ ቀኑን አምናችሁ አዳራሽ አትከራዩ፣ ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ዘመድም ትኬት አትቁረጡ።

በስልክ ሦስት ነገር ጠይቁት። ኤርፖርት ማን እንዲቀበልህ ትፈልጋለህ? የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት ማሳለፍ ይሻልሃል? ምን መብላት አማረህ? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ጊዜ ጨዋታውን የሚከፍተው እሱ ነው።

በዚህ ደረጃ ከሁሉም የሚከብደው የመርዶ ጉዳይ ነው። ሰው በሌለበት አያቱ ወይም አጎቱ ሞተው ከሆነ፣ ልማዳችን ደብቆ ማቆየት ነው። "እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? ሲመጣ ይረዳል" እንላለን። ለወታደር ይህ ልማድ አይበጅም። የቅርብ ቤተሰብ ሲሞት ወይም በጽኑ ሲታመም የአሜሪካ ቀይ መስቀል መረጃውን አጣርቶ ለአዛዡ ያደርሳል፤ አዛዡም የድንገተኛ ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል። ቀብር ላይ ባይደርስ እንኳ ሐዘኑን ከጓዶቹ ጋር ይጀምራል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ከተደበቀ ደግሞ፣ ቤት በገባበት ሌሊት ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ሰብስባችሁ አትንገሩት። ጥቂት ቀን በደንብ ይተኛ። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት የሚያምናቸው ሰዎች፣ ቢቻል የንስሐ አባቱ ባሉበት፣ በቀን፣ ያለ ጩኸት ይንገሩት። ወራት ግን አታቆዩት። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው እናንተንም አያምንም።

ቤት ቀይራችሁ ከሆነ፣ መኪናው ከተሸጠ ወይም ልጁ ትምህርት ቤት ከቀየረ ይህንንም ቀድማችሁ ንገሩት። እዚያ ሆኖ በሐሳቡ ሲመላለስበት የነበረው ትቶት የሄደውን ቤት ነው።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ድግሱን ቢያንስ ሦስት ሳምንት አዘግዩት። ዘመድ ያኩርፍ። "እንኳን ደስ ያላችሁ" የሚለው ስልክ ሲበዛ አንድ ሰው መድቡና እሱ ይመልስ፦ "በሰላም ገብቷል፣ እያረፈ ነው፣ ቀኑን እንነግራችኋለን።" በቃ።

ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። ቡና እየተፈላ ነው። ዘመድ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። እሱ ወንበሩን ሁለቴ አዛውሯል፤ አሁን ጀርባው ግድግዳ ላይ ነው፣ ፊቱ ወደ በሩ። የዕጣኑ ከሰል ጧ ሲል ትከሻው ብድግ ይላል። ከዚያ የሚቆላው ቡና ጭስ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ማንቂያ ያስጮኸዋል፤ የአሜሪካ ቤት ነገር። ሁሉም ይስቃል። እሱ የለም። ውጭ፣ መኪናው አጠገብ ቆሟል።

አክስት "ምነው፣ ተቀመጥ እንጂ" ማለቷ አይቀርም። ተዉት። ጀርባውን ለግድግዳ መስጠቱ ወራት ሙሉ በሕይወት ያቆየው ልማድ ነው፤ በአንድ ሳምንት አይለቅም። ቡና ከመቁላት በፊት መስኮት ክፈቱ። ከፍ ያለ ድምፅ የሚጠበቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት። የጁላይ 4 ርችት የታወቀ ነው። ለቅሶ ቤት ግን ማንም አያስበውም፤ የሙሾውና የእሪታው ድምፅ የፈንጂን ያህል ሊረብሸው ይችላል። ለመድረስ ከፈለገ ጩኸቱ ጋብ ሲል፣ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ይሂድ።

ጥያቄዎቻችሁን ምረጡ። "ሰው ገደልክ?" አይጠየቅም። ልጆችም እንዳይጠይቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። "ተመስገን፣ አለፈ፣ እርሳው" የሚለውም አይጠቅምም፤ በራሱ ጊዜ ሊያወራ ያሰበውን አፍ ያስይዘዋል። አብሮ መቀመጥ ይበቃል።

መኪናውን ለጥቂት ቀን ሌላ ሰው ይንዳ። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ብዙ ወታደሮች መንገድ ዳር የተጣለ ካርቶን ሲያዩ በድንገት መስመር ይቀይሩ ነበር፤ እዚያ ፈንጂ የሚቀበረው እንደዚህ ባለ ነገር ሥር ነበርና።

መጠጥ ላይ ጠንከር በሉ። "አንዷን ብቻ" ያለ ዘመድ ጠርሙሱን ይዞ ይመለስ። ለወራት ያልጠጣ አካል እንደ ድሮው አይችልም፤ በአልኮል የሚመጣ እንቅልፍም ሌሊቱን ይሰብረዋል። ጫትንም በዚሁ አንሱ። በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው፤ አገልግሎት ላይ ላለ ወታደር ደግሞ እንጀራውን የሚያሳጣ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ ቀን የሚያልፍበት ወረቀት

እዚህ ላይ ነው መቻኮል ያለባችሁ። አንድ ፋይል ግዙና ሁሉንም እዚያ አኑሩ።

ዲዲ 214። ከአገልግሎት ሲሰናበት፣ ወይም የጋርድና የሪዘርቭ አባል 90 ቀንና ከዚያ በላይ በሙሉ ግዳጅ ቆይቶ ሲጨርስ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ከመፈረሙ በፊት ስሙን ፊደል በፊደል ያንብብ። የእኛ ስም ችግር አለበት፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮ፣ ሌላው ላይ ተቀንሶ ይገኛል። ከፓስፖርቱና ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱ ጋር ካልተስማማ በኋላ ጣጣው ብዙ ነው። የተላከበት አገር መጻፉንም ይይ።

የጤና መጠይቅ። ሁለት ጊዜ ይሞላል። የመጀመሪያው ከመመለሱ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከተመለሰ ከ90 እስከ 180 ባሉት ቀናት። ብዙ ወታደር የመጀመሪያውን ሲሞላ ቶሎ ቤቱ ለመግባት ሁሉም ላይ "ችግር የለም" ይላል። ይገባኛል። ግን ጆሮው የሚጮህበት፣ ጉልበቱ የሚያመው ወይም ከፍንዳታ አጠገብ የነበረ ሰው እዚያው ካላስመዘገበ፣ ኋላ "ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ነው" ብሎ ማስረዳት ይከብደዋል። ሁለተኛውን መጠይቅ ደግሞ እንደ ትርፍ ወረቀት አትዩት። እንቅልፍ፣ ቁጣና ጭንቀት ገሀድ የሚወጡት ብዙ ጊዜ በዚያ ሰሞን ነው። ቀኑን ካላንደር ላይ ጻፉት።

የሲቪል ሥራ። ዩሴራ የሚባለው ሕግ የጋርድና የሪዘርቭ አባል ወደ ሥራው እንዲመለስ ይጠብቀዋል፤ ጊዜ ግን አለው። አገልግሎቱ ከ31 እስከ 180 ቀን ከነበረ በ14 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማመልከት አለበት። ከ180 ቀን በላይ ከነበረ 90 ቀን አለው። ከ31 ቀን በታች ከሆነ ወዲያው በሚቀጥለው ሥራ ቀን ይገባል። ኡበር የሚነዳ ወይም የራሱ ሥራ ያለው ሰው በዚህ አይሸፈንም፤ እሱ የሚይዘውን ጥሪት አስቀድሞ ያስብ።

ጤና መድን። ለዘመቻ ድጋፍ ከ30 ቀን በላይ ተጠርቶ ላገለገለ የጋርድና የሪዘርቭ አባል የጦሩ ጤና መድን፣ ትራይኬር፣ ከተሰናበተ በኋላ ለ180 ቀን ይቀጥላል፤ ቤተሰቡንም ይጨምራል። 180ኛው ቀን ከመድረሱ በፊት ሌላ መድን ይፈለግ።

ግብር እና ብድር። ግዳጁ በኮምባት ዞን (ውጊያ ቀጣና) ከነበረ ግብር የማሳወቂያው ቀን ከወጣ በኋላ ቢያንስ 180 ቀን ይራዘምለታል። ከአገልግሎቱ በፊት የነበረ ብድር ካለ፣ አገልግሎት ላይ በቆየበት ጊዜ ወለዱ ወደ 6 በመቶ እንዲወርድለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም የጊዜ ገደቡ አገልግሎቱ ካበቃ 180 ቀን ነው።

ቪኤ። ይህ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። በ2022 በወጣው ፓክት አክት መሠረት ውጊያ ቀጣና ያገለገለ ሰው ከተሰናበተ በኋላ በ10 ዓመት ውስጥ ለቪኤ ሕክምና መመዝገብ ይችላል። ይኸው ሕግ በሚቃጠል ቆሻሻ ጭስና በመሳሰሉት ለተጎዱ ሰዎች በርካታ በሽታዎችን "ከአገልግሎቱ የመጣ ነው" ብሎ ይቀበላል። ከተዘረዘሩት አገሮች ውስጥ ጅቡቲና ሶማሊያም አሉ። ብዙ ሰው ሕጉ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ብቻ ይመስለዋል። የጉዳት ካሳ ማመልከቻ ደግሞ ከተሰናበተ በ1 ዓመት ውስጥ ከገባ ክፍያው ከተሰናበተበት ማግስት ጀምሮ ይታሰባል። ዓመቱ ካለፈ ማመልከት ይቻላል፣ የኋላው ገንዘብ ግን ይቀራል።

ማመልከቻ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ሸሹ። ቪኤፍደብሊው፣ አሜሪካን ሌጅንና ዲኤቪ የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ የካውንቲው የቬተራን ቢሮም በነፃ ይሠራሉ።

ደረጃ 4፦ የቤቱ መሪ ማነው?

እሱ በሌለበት ሚስት ሁሉን ይዛለች። ቢል ትከፍላለች፣ ልጅ ታደርሳለች፣ የፈሰሰ ቧንቧ ታስጠግናለች። እሱ ሲገባ "ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽ?" ካለ ጠቡ ተጀመረ። እሷም በልቧ "የት ነበርክ?" ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ለመጀመሪያው ወር ምንም አትቀይሩ። ቤቱ እንደነበረ ይቀጥል፤ እሱ እንግዳ ሳይሆን ተማሪ ይሁን። በሁለተኛው ወር ቁጭ ብላችሁ ሥራውን እንደገና ተካፈሉ። አንድ አንድ ነገር ይረከብ፣ ለምሳሌ የጠዋቱን ልጅ ማድረስ። ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ጥሩ ነው፣ ግን ሽማግሌው "አንቺ ቻይው" ብሎ የሚጨርስ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ተመላሿ እናት ስትሆን ችግሩ ይገለበጣል። ቦርሳዋን ሳትፈታ ወጥ ቤት ትገባለች፤ እንግዳው የመጣው እሷን ለማየት ሆኖ እሷው ታስተናግዳለች። ለአንድ ወር ምግቡን ሌላ ሰው ይሥራው፣ ወይም ከምግብ ቤት ይገዛ። ምንም ነውር የለበትም።

ገንዘቡን በግልጽ ተነጋገሩበት። ግዳጅ ላይ ያገኘው ትርፍ አበል ሲመለስ ይቆማል፤ ወርኃዊ ገቢው ይወርዳል። በዚያው ሰሞን አገር ቤት "ብር ይዞ መጣ" የሚል ወሬ ይደርሳል። የጣራ ቆርቆሮ፣ የሠርግ መዋጮ፣ የአጎት ልጅ ቪዛ ይመጣል። የምትልኩትን መጠን ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ስልኩንም ሁለታችሁም በአንድ ቃል መልሱ። መኪና መግዛት ደግሞ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ። በቤዞች ዙሪያ ያሉ የመኪና ሻጮች ከግዳጅ የተመለሰ ሰው ኪስ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃሉ።

ደረጃ 5፦ ልጆች

ሕፃኑ አባቱን በስልክ ስክሪን ብቻ ካወቀው ሊያለቅስበት ይችላል። "ሂድ አባትህን ሳም" ብላችሁ አትግፉት። አባት መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ልጁ በራሱ ይመጣል። አምስትና ስድስት ዓመት የሆነው እግር በእግር እየተከተለ "ተመልሰህ ትሄዳለህ?" ይላል፤ የማታውቁትን ቃል አትግቡለት። ታዳጊው ዘግቶ ይቀመጣል፣ ያኮርፋል። ይህ ንቀት አይደለም፤ ሲናፍቅ የነበረበት መንገድ ነው።

"አባትህ ይምጣ ብቻ!" እያላችሁ ስታስፈራሩ ከከረማችሁ አሁን ዋጋውን ትከፍላላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆጪው እሱ አይሁን። ለአስተማሪውም አንድ መስመር ጻፉ፤ ካልተነገረው የልጁን ጠባይ መለወጥ በሌላ ይተረጉመዋል።

ደረጃ 6፦ እርዳታ መቼና የት?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥ፣ ቶሎ መቆጣትና ጓዶቹን መናፈቅ የተለመደ ነው። "እዚያ ይሻለኝ ነበር" ቢል እናንተን ጠልቶ አይደለም። ከወር በላይ ከቆየና እየባሰ ከሄደ ግን እርዳታ ፈልጉ። ቅዠቱ ከበዛ፣ ሰው ጨርሶ ከሸሸ፣ በየቀኑ ከጠጣ ወይም የሞተ ጓዱን እያነሳ ራሱን ከወቀሰ አትጠብቁ። ከፍንዳታ አጠገብ ለነበረና ራስ ምታት፣ መርሳትና መደናበር ለሚታይበት ሰው የጭንቅላት ጉዳት ምርመራ ይጠየቅለት፤ ከፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ከሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት) ጋር ይመሳሰላል፣ ሕክምናው ግን ይለያል።

ከቀላሉ ጀምሩ። ሚሊታሪ ዋንሶርስ የሚባለው የወታደርና የቤተሰብ እርዳታ መስመር በ1-800-342-9647 ቀንና ሌሊት ይመልሳል። ለወታደሩም ለባለቤቱም ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ነፃ የምክክር ጊዜ ይሰጣል፤ ከተሰናበተ በኋላም ለ365 ቀን ያገለግላል። አስተርጓሚም አለው፤ ስልኩ እንደተነሳ "አምሃሪክ" በሉ። የጋርድና የሪዘርቭ ቤተሰብ ከሆናችሁ የሎ ሪበን የሚባለው የተመላሾችና የቤተሰቦቻቸው ዝግጅት ላይ አብራችሁ ሂዱ። አሰልቺ ስብሰባ ይመስላል። ጥቅሙ ግን እንደ እናንተ ያለች ሌላ ሚስት እዚያ ማግኘታችሁ ነው።

ቻፕሊን፣ ማለትም የጦሩ የሃይማኖት አገልጋይ፣ የነገሩትን ለአዛዥ አይናገርም፤ ደንቡ ነው። ሃይማኖት አይጠይቅም። የእኛ ሰው ለንስሐ አባቱ እንደሚናገረው አስቡት።

ቬት ሴንተር የሚባለው የቪኤ የምክክር ማዕከል የእኔ ምርጫ ነው። ውጊያ ቀጣና ያገለገለ ሰው በነፃ ይገባል፣ ቪኤ ላይ መመዝገብ አያስፈልገውም። መዝገቡ ለብቻው ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለጦሩ አይሰጥም። ከአማካሪዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ግዳጅ የወጡ ናቸው። ባልና ሚስትም አብረው መግባት ይችላሉ። ቁጥሩ 1-877-927-8387 ነው።

ሕክምናው "እብድ" መባል አይደለም። ፒቲኤስዲን ከሚያክሙት መንገዶች አንዱ፣ ሲፒቲ የሚባለው፣ በአብዛኛው በ12 ቀጠሮ የሚያልቅ ንግግር ነው። ክሊራንስ (ምስጢር ነክ ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ) ያሳጣኛል ብሎ የሚፈራ ብዙ አለ፤ እርዳታ መሻት ብቻውን አያሳጣም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም እንዲሁ። መድኃኒቱን ግን ይዞት ይሂድ፣ በራሱም አያቋርጥ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የአባቱን ቅዠት በሁለት ቋንቋ መስማት የለበትም። የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ይመጣላችሁ ዘንድ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ አደጋ ሲኖር

ዕቃውን ማከፋፈል፣ "ያለ እኔ ይሻላችኋል" ማለት፣ ድንገት ተሰናባች መምሰል ካያችሁ በቀጥታ ጠይቁት፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። ከዚያ 988 ደውሉና 1ን ተጫኑ፤ የቀድሞና የአሁን ወታደሮች የቀውስ መስመር ነው። እናንተም መደወል ትችላላችሁ፣ የግድ እሱ አይደለም። በቴክስት ከሆነ 838255። ሕይወቱ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ 911።

ቤት መሣሪያ ካለ ጉዳዩ ይህ ነው። ራሳቸውን ካጠፉ የቀድሞ ወታደሮች መካከል ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የተጠቀሙት በጦር መሣሪያ ነው። የከፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ መሣሪያው ቅርብ ካልሆነ ሰውየው ይተርፋል። ቪኤ የመሣሪያ መቆለፊያ በነፃ ይሰጣል። ጥይቱ በሌላ ቦታ፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይሁን። ይህን ንግግር ሰላም በሆነ ቀን ጀምሩት።

አገር ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ 988 ከዚያ አይሠራላችሁም። አሜሪካ ያለ አንድ ዘመድ ስልክና የልጃችሁን አድራሻ ከአሁኑ ያዙ።

ደረጃ 8፦ ባለቤትየዋስ?

እሱ ተመለሰ፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም። ብቻዋን የተወጣችው ጊዜ ድካሙ የሚወጣው አሁን ነው፤ ብዙ ሚስቶች የሚታመሙት ባላቸው ከገባ በኋላ ነው። እኅት፣ ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ ልጆቹን በሳምንት አንድ ከሰዓት ይያዙላት። ባልየው "ምንም አልሆንኩም" ብሎ እርዳታ ቢገፋ እንኳ የሚሊታሪ ዋንሶርስ 12 ምክክር የእሷም ነው። ስትደውል ስለ እሱ ማስረዳት አይጠበቅባትም፤ "የደወልኩት ለራሴ ነው" ማለት ይበቃታል።